ስምንት ሰው፣ ስምንት ትዕዛዝ፣ ያለ ወረቀት

በአስተናጋጅነት ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አብዛኛውን ያሳለፍኩት ፒያሳ ነው፤ ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወረድኩ። ትዕዛዝ ስቀበል ወረቀት አልይዝም። ደንበኞቼ «እንዴት ነው ይህን ሁሉ የምትይዘው?» ይሉኛል፤ የተፈጥሮ ስጦታ ይመስላቸዋል። ተምሬው ነው። የተማርኩትም አንድ ትልቅ ሰው ካሳዘንኩ በኋላ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ ሁዳዴ ውስጥ፣ ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ስምንት ሰዎች ሁለት ጠረጴዛ አገጣጥመው ተቀመጡ። «ሦስት ማኪያቶ፣ ሦስት ሻይ፣ አንድ ስፕሪስ፣ አንድ ጥቁር ቡና» እያልኩ እያነበነብኩ ወደ ካውንተሩ ሄድኩ። ቁጥሩ አልጠፋኝም፤ የጠፋኝ የትኛው የማን እንደሆነ ነው። ጥቁር ቡና ያዘዙት ነጠላ የለበሱ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። እኔ ግን ማኪያቶ አኖርኩላቸው። ጨዋታ ይዘው ስለነበር ሳያዩት ፉት አሉት። ከዚያ ስኒውን ቀስ አድርገው አስቀመጡና «ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ እኮ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ወንበር ስንደረድር አንጋፋው አስተናጋጅ ጠሩኝ። በልጅነታቸው ጎጃም የአብነት ተማሪ ነበሩ። «ለምን መልሰህ አላሰማሃቸውም?» አሉኝ። «የኔታ ያስያዙኝን ቀለም በቃሌ ካላሰማኋቸው ቀጣዩን አይነግሩኝም ነበር። ማታ ጨለማ ነው፣ መጽሐፍ አይታይም፤ ያለህ ከልብህ የምታወጣው ብቻ ነው።» እስከ ዛሬ የምሠራበት ነገር በሙሉ ከዚህ ይነሳል፦ አንድን ነገር ደጋግሞ ከመስማት ወይም ከማንበብ ይልቅ፣ ሳያዩ ከራስ ውስጥ ለማውጣት መታገል ነው የሚያጸናው። ኋላ ላይ በዕረፍት ቀኔ ወመዘክር እየገባሁ ሳነብ፣ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ፈትነው እንዳገኙት አየሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ። ለፈተና የምታጠኑ ልጆች ይህቺን ያዙልኝ። ደብተሩን ደግማችሁ ስታነቡት የገባችሁ ይመስላችኋል፤ ዝጉትና ባዶ ወረቀት ላይ የቀራችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ገልጣችሁ አስተያዩ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልመለስ። ሰው ሲቀመጥ መጀመሪያ ወንበሮቹን እቆጥራለሁ። ሁልጊዜ ለበሩ ከሚቀርበው ወንበር ጀምሬ ወደ ቀኝ እዞራለሁ፤ ይህ ቅደም ተከተል ለአንድም ቀን አይለወጥም። ስምንቱን ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርጌ እከፍላቸዋለሁ፤ አእምሮ በአንድ ጊዜ ብዙ አይሸከምምና። ጆርጅ ሚለር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ገደማ ነው ብሎ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ወደ አራት አውርደውታል። እኔ ከሦስት አላልፍም።

ከዚያ መጠጡን ከሰውየው ጋር አስራለሁ። ቀይ ሻርፕ ያደረገችው ልጅ ሻይ ካዘዘች፣ ሻዩ ከሻርፑ ላይ እየተቀዳ እንደሆነ አድርጌ አያለሁ። ፀጉራቸው የሸበተ አባት ነጣ ያለ ማኪያቶ ካሉ ሥራው ቀለለልኝ። ጥቁር ቡና ያዘዘው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ከለበሰ፣ ቡናው ሸሚዙ ላይ ሲደፋ አያለሁ። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ አይዘገይም። ከጠረጴዛው ሳልለይ «ልድገመው?» ብዬ እያንዳንዱን እያየሁ እመልሳለሁ። ከተሳሳትኩ እዚያው ይታረማል። ወደ ካውንተሩ ስሄድ አላነበንብም፤ መንገድ አጋማሽ ላይ አንዴ ብቻ ወንበሮቹን በልቤ እዞራቸዋለሁ።

ነገርን ከቦታ ጋር ማሰር ጥንታዊ ዘዴ ነው። ሲሞኒደስ ስለተባለ ግሪካዊ ባለቅኔ የሚተረክ ታሪክ አለ። ግብዣ ላይ ሳለ ወደ ውጭ ተጠርቶ እንደወጣ ጣሪያው ተደርምሶ እንግዶቹን ገደላቸው፤ አስከሬኖቹን መለየት ሲያቅት፣ ማን የት ተቀምጦ እንደነበር በማስታወስ እሱ ለየላቸው ይባላል። ቤት ውስጥ ለመሞከር ካፌ አያስፈልጋችሁም። ሁላችንም የምናውቀው መንገድ አለ፤ የእኔ ቸርችል ጎዳና ነው። ባለቤቴ የምትልከኝን አስቤዛ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች አስቀምጠዋለሁ። የምኒልክ ፈረስ የሽንኩርት ጆንያ ተጭኗል። የማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ዘይት ይወርድበታል። ሊሴ ገብረማርያም በር ላይ ተማሪዎቹ የሳሙና አረፋ ይነፋሉ። ጥቁር አንበሳ ሐኪሙ ሻማ ይዞ በሽተኛ ያያል። ፖስታ ቤት ጤፍ በፖስታ ታሽጎ ይላካል። ለገሃር ስደርስ የይሁዳ አንበሳ በርበሬ አሽትቶ ያስነጥሳል። ሥዕሉ ለየት ባለ መጠን ይያዛል፤ ድምፅና ሽታ ጨምሩበት። ገበያ ስትደርሱ መንገዱን በሐሳባችሁ እየወረዳችሁ መሰብሰብ ነው። መንገዱ በእውን መኖሩም ግድ አይደለም። እኔ ረዘም ላለ ዝርዝር የምጠቀመው ከመፍረሱ በፊት የነበረውን ፒያሳ ነው፤ የቱ ሱቅ ከየቱ ቀጥሎ እንደነበር አሁንም ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ በየደጃፉም ዕቃ አኖርበታለሁ።

ስም ለመያዝ አማርኛ ያደላልናል፤ ብዙው ስማችን ትርጉም አለው። ዘነበ ከተባለ ዝናብ እያበሰበሰው እዩት። ተሾመ ከሆነ ካባ ደርቡለት። ጥላሁን ከሆነ ዣንጥላ አስይዙት። ብዙ ጊዜ ስም የሚጠፋን ስለረሳነው ሳይሆን መጀመሪያውኑ ስላልሰማነው ነው፤ እጅ እየጨበጥን የምናስበው የራሳችንን ቀጣይ ንግግር ነው። ስለዚህ እንደሰማችሁ በስሙ ጥሩት፣ ስትለያዩም አንዴ ድገሙት።

የሞባይል ስልክ ቁጥር 10 አሃዝ ነው። መጀመሪያው 09 ወይም 07 ስለሆነ የሚያስቸግረው ስምንቱ ነው፤ በሁለት በሁለት ሲከፈል አራት ይሆናል። 88 ካለበት አድዋ፣ 66 ካለበት አብዮቱ፣ 83 ካለበት የደርግ መውደቅ። ሌላው በቤተሰብ የልደት ዓመት ይሞላል።

«በሩን ዘግቼው ይሆን?» እያላችሁ ከታክሲ የምትወርዱ ካላችሁ፣ ቁልፉን ስታዞሩ ድምፃችሁን አውጥታችሁ «ዛሬ ማክሰኞ በሩን ዘጋሁ» በሉ። በየቀኑ የምንሠራው ነገር እርስ በርሱ ይምታታል፤ የቀኑ ስም ከትናንቱ ይለየዋል።

አንድ ነገር ግን ከሥራዬ አስተውያለሁ። ሂሳብ ከተከፈለ በኋላ ትዕዛዙ ከራሴ ይጠፋል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች ተመራማሪ በርሊን ሆና እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመችው ጥናት፣ ሰው ካለቀ ሥራ ይልቅ የተቋረጠውን አብልጦ ያስታውሳል ይላል። ኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ አላጸደቁላትም፤ በእኔ ጠረጴዛ ግን እውነት ነው። እንዲቆይ የምትፈልጉት ነገር ካለ ሂሳቡን አትዝጉበት ማለት ነው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያጠና ራሱን ፈትኖ፣ አብዛኛው መርሳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ የያዛችሁትን ማታ፣ ነገ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ ሳታዩ አውጡት። መሐሉ እየራቀ ይሂድ። ሌሊቱን ደግሞ ተኙ፤ አእምሮ ቀን የተቀበለውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው፣ ቡና እየጠጡ ማደር ይህን ይነሳችኋል።

ገበጣ መጫወት፣ የስልክ ጌም መጫወት አእምሮን ይስላል የሚሉ አሉ። ገበጣ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ገበጣ የሚያጎብዘው ገበጣ ላይ ነው። የምትይዙት ስም ከሆነ በስም ተለማመዱ፣ ትምህርት ከሆነ በትምህርት።

ወላጆቻችሁ የለመዱትን መንገድ መሳት ከጀመሩ ወይም አንዱን ጥያቄ በሰዓት ውስጥ ደጋግመው ከጠየቁ ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርት ሰው ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

ለመጀመር፣ ዛሬ ማታ መብራት አጥፉና ቀናችሁን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሂዱበት፦ ከራት ወደ ታክሲው፣ ከታክሲው ወደ ምሳ፣ እስከ ጠዋቱ ቁርስ። ምሳ ላይ አጠገባችሁ ማን ነበር? ምን ለብሶ ነበር? ምን አዘዘ? የተቋረጠባችሁ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ስልክ አታውጡ፤ ትንሽ ታገሉት።