የግራዋን መጠቅለያ እያያችሁ

በፊልም የሚሠራ አሮጌ የፎቶ ካሜራ ከሳጥን አውጥታችሁ ልትሞክሩ ላሰባችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለ 35 ሚሊ ሜትሩን ፊልም አስገብታችሁ ክዳኑን ከዘጋችሁ በኋላ፣ በግራ በኩል ያለችውን መጠቅለያ በቀስቷ አቅጣጫ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ከበድ ስትላችሁ አቁሙ፤ የላላው ፊልም ተወጥሯል ማለት ነው። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን ማሳለፊያ ስትስቡ ዓይናችሁ የግራዋ መጠቅለያ ላይ ይሁን። አብራ ከዞረች ፊልሙ ይዟል። ዝም ካለች አልያዘም። የፎቶ ቆጣሪውን አትመኑት፤ በብዙዎቹ ካሜራዎች ፊልም ባይኖርም ይቆጥራል።

እኔ አምኜው ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቼ፣ ጉሙ ከደሴ ላይ እስኪገፈፍ ጠብቄ፣ 36 ጊዜ አነሳሁ። ታጥቦ ሲመጣ ባዶ! ለካ የፊልሙ ጫፍ ገና ከመጀመሪያው ከሚስበው ጥርስ ወጥቶ ኖሯል። የተረፈኝ ብርዱ ብቻ ነው።