ዘርማት ለምትሄዱ፦ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ካርታውን እዩ

ስዊዘርላንድ፣ ዘርማት መንደር ስኪ (በበረዶ ላይ መንሸራተት) ልትሄዱ ካሰባችሁ መኪናችሁ ሆቴል በር ድረስ አያደርሳችሁም። የእንግዳ መኪና መንደሩ ውስጥ አይገባም። 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ ቴሽ የምትባል መንደር ላይ አቁማችሁ በባቡር ትገባላችሁ። 12 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ወደ ስኪ ቦታዎቹ የሚያወጡት መነሻዎች የተራራቁ ስለሆኑ ሆቴላችሁ ለየትኛው እንደሚቀርብ ካርታው ላይ እዩ። እስከ 3,089 ሜትር የሚወጣው የጎርነርግራት ባቡር ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው። በዋሻ ውስጥ ወደ ሱኔጋ የሚወጣውም ሩቅ አይደለም። ወደ ማተርሆርን ግላሲየር ፓራዳይዝ የሚወስደው ኬብል ካር ግን የመንደሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ያንን ድንጋይ የመሰለ የስኪ ጫማ አጥልቄ፣ ስኪውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ሞክሬዋለሁ። በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆንኩ! የኤሌክትሪክ አውቶቡስ አለላችሁ፤ እሱን ጠብቁ።