የኮረኮንች ሳይክል ችግርና መፍትሄ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ሳይክላችሁ ከብርድ ወደ ሙቀት ይወርዳል። ከአስፋልቱ ከወጣችሁማ ሌላ ዓለም ነው። ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ዋልካ አለ፤ ሲርስ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር። ገራዶ ላይ የማሳ ዳር መንገድ አለ። ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ደን ውስጥ፣ ጥድና ወይራ ያጠላበት ጠጠር አለ።

ፈረንጆቹ ለእንዲህ ዓይነት መንገድ የተለየ ሳይክል ሠርተዋል። መሪው እንደ ውድድር ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጎማው ግን ሰፋ ይላል። በጣሊያን ቶስካና በወይን ማሳዎች መካከል የሚያልፈው ነጭ ጠጠር በዓለም የታወቀ ነው፤ ስትራዴ ቢያንኬ የሚባለው ውድድር ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ እዚያ ይካሄዳል። እኛ ዘንድ በወይኑ ፋንታ ማሽላና ጤፍ ነው ያለው። አብዛኞቻችን የምንነዳውም ማውንቴን ሳይክል ነው። ችግሩ ግን ያው ነው። ብዙ ዓመት በነዳሁበት ልምዴ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ችግር የሚመጣው ከማጥበቅ ነው። ጎማ ይጠብቃል፣ ፍሬን ይጨበጣል፣ ክንድ ይደርቃል። እዚያ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው።

ሳይክሉ ይዘላል፣ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል

ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቷል። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ በመኪና መንፊያ ድንጋይ እስኪመስል ይሞሉላችኋል። ለደግነት ነው፤ ለአስፋልትም ይሆናል። ጠጠር ላይ ግን ደረቅ ጎማ መሬቱን አይጨብጥም፤ ከድንጋይ ድንጋይ ይነጥራል።

አየር ቀንሱ። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት ኢንች ለሚሆነው የማውንቴን ጎማ ደግሞ ከ28 እስከ 35። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያ ነው፤ እዚያ ድረስ ሙሉ ማለት አይደለም። መለኪያ ከሌላችሁ ሳይክሉ ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። የኋላው ጎማ ትንሽ ሆዱ ወጣ ካለ ደህና ነው። ፊተኛውን ከኋላው ጥቂት አሳንሱት።

ጎማው ተነፈሰ

በችኮላ አትለጥፉ። መጀመሪያ ቀዳዳውን አንብቡት።

ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካሉ፣ እባብ የነደፈው የሚመስል፣ አየሩ ከልክ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። ድንጋይ ስትመቱ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል። ከአምስት ፒኤስአይ ያልበለጠ ጨምሩ። ድንጋይ ስታዩም ከመቀመጫው ብድግ በሉ።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ እሾህ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በኩል የነዳ ሰው የግራርን እሾህ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካላማዳሪውን ይለጥፋል፣ እሾኹን ግን ጎማው ውስጥ ይተወዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንደገና ይተነፍሳል። እኔ ጥድ ሥር ቁጭ ብዬ አንዱን ካላማዳሪ ሦስት ጊዜ የለጠፍኩበት ቀን አለ። በሦስተኛው ጊዜ የጎማውን ውስጥ በጣቴ ቀስ ብዬ ዳሰስኩት። ምንም። ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ ወስጄ ዙሪያውን ጎተትኩት። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ያዘ። የሩብ ሳንቲ ሜትር ጫፍ፣ ጥቁር፣ እንደ ጎማው ያለ። በጥፍሬ አልወጣ ብሎ በፒንሳ ነቀልኩት። ከዚያ ወዲህ ጣቴን አላምንም፤ ክር ያለው ጨርቅ ይዤ ነው የምወጣው።

ቀዳዳው ከጠፋባችሁ ካላማዳሪውን ንፉና ወደ ከንፈራችሁ አስጠጉት። ከንፈር ከጆሮ የበለጠ ይሰማዋል። ካገኛችሁ በኋላ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ። በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን፣ አምስት ደቂቃ ያህል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ነገር ቁልቁለት ላይ ይከዳችኋል።

ፍሬኑ ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ወይም እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይገባል

ቁልቁለት ላይ ሁላችንም የምንፈራው ይኼን ነው። መፍራቱም ልክ ነው።

የሚሸተው ያለማቋረጥ ስለጨበጣችሁት ነው። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። የስድስት መቶ ሜትር ቁልቁለት ሙቀት በሁለት ትንንሽ ላስቲኮች ላይ ስታከማቹ ፊታቸው ይነድና እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ብትጨብጡትም አይዝም። ስለዚህ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ። ያዙ፣ ልቀቁ። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ። ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሙ። መሃል ላይ ቁሙና አሳርፉት። በዲስክ የሚሠራ ከሆነ ብረቱን በእጃችሁ አትንኩ፤ ያቃጥላል። ውኃም አታፍስሱበት።

ለሚጮኸው፣ የለሰለሰውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ቸርኬውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል። የፍሬኑ ሸራ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ግን መፋቁ አይበቃም፣ አዲስ ግዙ። እጀታው ጠልቆ ከገባ ደግሞ ገመዱ ላልቷል፤ እጀታው አጠገብ ያለችውን የገመድ ማስተካከያ አዙሩ። ካልበቃ ብሎኑን ፈታ አድርጋችሁ ገመዱን ሳቡ። በፍሬን ላይ "ዛሬን ልሂድበት" አይባልም። ያልተስተካከለ ፍሬን ይዞ ከደሴ የሚወርድ ጓደኛ ካላችሁ መንገድ ላይ አስቁሙት።

ጎማው መዞር አቆመ (ዋልካ)

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ናችሁ። ጭቃው ከጎማው ጋር ይዞርና ፎርኬታው ሥር ይታጨቃል። ጉልበት ጨምራችሁ አትርገጡ! ማርሽ ቀያሪው ተጠምዞ ወደ ጎማው ሽቦዎች ይገባል፣ አንድ ርግጫም ብዙ ብር ታስከፍላለች። ወርዳችሁ በእንጨት ፋቁት፣ ከዚያ ተሸከሙት። ሣር ያለበትን ዳር ፈልጉ። በክረምት፣ በበልግም ቢሆን፣ በጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በፊት መመለስ ይሻላል።

ቤት ስትደርሱ ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውኃ አታሳጥቡት። ውኃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣዋል። በወር ውስጥ ጎማው ሲዞር መንቋቋት ይጀምራል። ባልዲ፣ ጨርቅና የድሮ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው።

ሰንሰለቱ ያንቋቋል፣ ዳገት ላይ ይዘላል

የሚያንቋቋው አቧራና ዘይት ተቀላቅሎ ነው። በተለይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የቀባችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ብረት የሚበላ ሊጥ ነው የሚሆነው። በላምባ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ ስስ ዘይት ስጡ። ጥቂት ቆይታችሁ ከላይ ያለውን በሙሉ ጥረጉ። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጥ ነው።

የሚዘለው ምናልባት አልቆ ነው። በሜትር ለኩት። ከፒን እስከ ፒን 24 ቁራጭ ሲቆጠር አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 30.65 ከደረሰ ቀይሩት። 30.8 ካለፈ የኋላውንም ጥርስ በልቶታል፣ አብሮ ይቀየራል። ከወደቃችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ሰንሰለቱን አትውቀሱ። ከኋላ ሆናችሁ ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለበትን ብረት ተመልከቱ። ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሆናል።

እጅ ይደነዝዛል፣ ጉልበት ያማል፣ አቅም ይከዳል

እጅ የሚደነዝዘው መሪውን አንቃችሁ ስለያዛችሁ ነው። ክርናችሁን እጠፉ። ጉልበት ከፊት በኩል ካመመ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። አቅም ከከዳ፣ ላብ ቀዝቅዞ እጅ ከተንቀጠቀጠ ረሃብ ነው። በሶ በጥብጣችሁ ያዙ። ሳይርባችሁ በፊት፣ በየ45 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጠጡ። ወደ ደሴ መመለሻው ዳገት መሆኑን ቁልቁለቱን ስትጀምሩ አስቡት።

የእረኛ ውሻ መጣ

አትሩጡ። ወርዳችሁ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ። እረኛውን ጥሩ። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ነገ አይባልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ባለ ማሳው ተቆጣ

የነዳችሁት እርከን ላይ ነው። መንገድ ይመስላል፤ ጠባብ፣ ጠፍጣፋ፣ ለሳይክል የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ውኃና አፈር የሚይዝ ግድብ ነው። የጎማ ፈር በክረምት ጎርፍ ይሆናል። አንድ ጊዜ ገራዶ ላይ አንድ አባባ በጭብጥ ድንጋይ የተደገፈውን ዳር እያሳዩኝ "ልጄ፣ ይቺን ከነልጆቼ በበጋ ነው የደረደርናት" አሉኝ። አልተሳደቡም። ወርጄ የናድኳትን ድንጋይ መለስኩ። አሁን እርከን ሳይ እወርዳለሁ። ሳይክሉን እየገፋሁ በማሳው ግርጌ እዞራለሁ፣ ሰው ካለም "እንዴት ዋላችሁ፣ በየት ልለፍ?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ እኔ የማላውቀውን የተሻለ መንገድ ያሳዩኛል።