የጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል ካርቡራተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ

ጅማ ውስጥ ነው የምሠራው። ውሎዬ ከውሃ ፓምፕ፣ ከጄኔሬተርና ከሞተር ሳይክል ጋር ነው። አልፎ አልፎ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች የጀልባ ሞተር አይሱዙ ላይ ጭነው ያመጡልኛል። ገና ሳያወርዱት "ጋሼ፣ ካርቡራተሩ ነው" ይሉኛል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል ማለታቸው ነው። ብሎኖቹን ሳይ በፒንሳ ተፋፍቀዋል። እነሱ ፈታትተው ጨርሰዋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ካርቡራተሩ ጋ አይደለም።

መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን እዩ። የድንገተኛ ማጥፊያው ገመድ ቦታው ላይ ካልገባ ሞተሩ አይነሳም። ማርሹ ፎሌ (ነፃ) ላይ ይሁን። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ትንሽ የአየር ማስገቢያ አለች፤ ክፈቷት። እሷ ተዘግታ ከሆነ ሞተሩ ቢነሳም ትንሽ ሄዶ ቀጥ ይላል።

ቀጥሎ የነዳጁ ቱቦ ላይ ያለችውን የምትጨመቅ ጎማ ያዙ። ቀስቷ ወደ ሞተሩ ይሁን፤ መውጫዋን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጭመቁ። ነዳጅ ሲሞላ ጠንከር ማለት አለባት። እንደ ለሰለሰች ከቀረች አንድ ቦታ አየር እየገባ ነው። ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት አልቃለች። ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

ቤንዚኑንም አትመኑት። በተለይ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን። የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ አይጣል ነው፤ በግማሽ የቀረ ጀሪካን ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ከታንኩ ሥር ትንሽ ቀድታችሁ በጥርት ያለ ብርጭቆ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይተኛል። ከተገኘ ታንኩን አጽዱ። የካርቡራተሩ ሥር ባለችው ማፍሰሻ ብሎን ደግሞ እዚያ የቀረውን አውጡ። ለዚህ ካርቡራተሩን ማውረድ አያስፈልግም።

አሁን ካንዴላውን፣ ማለትም ብልጭታ የሚሰጠውን፣ ፍቱ። ብዙ ነገር የሚናገረው እሱ ነው። የማስነሻውን ገመድ ስትስቡ ቆይታችሁ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ወደ ቱቦውና ወደ ፊልትሮው ተመለሱ። ርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ሞተሩ ታፍኗል፤ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። እዚህ አገር የሚበዛው ይሄኛው ነው፤ ምክንያትም አለው።

ጅማም ግድቡም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ይላሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ግን ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ነው። ስለዚህ እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይጠጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ልጆቹ ቾኩን (አየሩን ዘግቶ ቤንዚን የሚያበዛውን) ስበው ደጋግመው ይጎትቱታል። አለቀ!

ቾክ የቀዘቀዘ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ብቻ ነው። አንዴ እህ ካለ ቾኩን መልሱ። ሞተሩ ሞቆ ከነበረ ጭራሽ አትንኩት። ከታፈነ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ የማጥፊያውን ገመድ ንቀሉ፣ ቾኩን መልሱ፣ ነዳጅ መስጫውን ክፈቱና የማስነሻውን ገመድ ጥቂት ጊዜ ሳቡ። ካንዴላውን አድርቁና መልሳችሁ ግጠሙ። ሲጋራ ያለው ሰው ራቅ ይበል።

ጂግለሩን (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን በልክ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በሽቦ የሚጎረጉር ሰው ያናድደኛል። ቀዳዳው በትንሹም ከሰፋ ተጨማሪ ቤንዚን ያሳልፋል። እኛ ደግሞ በዚህ ከፍታ የምንፈልገው ጠበብ ያለውን ነው። ከቆሸሸ በካርቡራተር ማጽጃና በአየር ንፉት።

ዘይት ከቤንዚን የሚቀላቀልበት ሞተር ከሆነ ልኩ መመሪያው ላይ አለ። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ናቸው፤ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። "ለጥንቃቄ" ብሎ እጥፍ መጨመር ካንዴላ ያጨማልቃል።

ብልጭታውን ስታዩ ካንዴላውን ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ የሞተሩ ብረት ላይ አስነኩት፤ በቀዳዳው የሚወጣው ትነት እሳት ይይዛል። የማጥፊያውን ገመድም መልሱ፣ አለበለዚያ በከንቱ ትደክማላችሁ። ብልጭታው ሰማያዊና ደማቅ ይሁን። ከደከመ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ፤ ካልሆነ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን ቦቢና ተጠራጠሩ።

ሙከራው ሁሉ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይሁን። ያለ ውሃ ከተነሳ የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ወዲያው ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ የማስነሻው ገመድ ያለምንም ትግል እየተሳበ ከመጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳያልቅ አይቀርም። ያኔ የኮምፕረሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠር ግፊት) መለኪያ ያለው ሰው ጋ ውሰዱት። የሲሊንደሮቹ ልኬት እርስ በርስ መቀራረብ አለበት፤ አንዱ በጣም ከወረደ ሞተሩ መከፈት አለበት።