ፒክአፕን ለስሜን ዳገትና ለደምቢያ ዋልካ ማዘጋጀት

ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ወደ ሳንካበርና ጨነቅ የሚወጣ መኪና ድንጋይ፣ ዳገትና ብርድ ይጠብቁታል። በአዘዞ በኩል ወደ ቆላ ድባና ጎርጎራ የሚወርደውን ዋልካው ይይዘዋል፤ አይከልን አልፎ ወደ መተማ የሚዘልቀው ደግሞ ሙቀቱንና አቧራውን ይቀምሳል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጨነቅ ከ3,600 ያልፋል፣ መተማ ከ1,000 በታች ነው። አንድ ፒክአፕ ይህን ሁሉ እንዲችል የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ከሚመጣው ሥራ ይጀምራል፤ መኪናውን ከመሬት ከፍ ያስደርጋል። ቁመት የሚያምረው ጋራዥ ውስጥ ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ጎማ ላይ፣ ቀጥሎ ሆድ መከላከያ ላይ፣ ከዚያ መጎተቻ ላይ ይዋል። ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የቅጠል ስፕሪንግ) ከዚያ በኋላ ነው።

ክብደቱን አስቀድሞ መቁጠር

ደብል ካቢን ሃይሉክስ እንደ ሞዴሉ ከ800 እስከ 1,000 ኪሎ ይጭናል፤ ተሳፋሪውም ከዚሁ ላይ ይታሰባል። የብረት ፓራውልት 60 ኪሎ፣ ዊንች (በሞተር የሚስብ የገመድ መጎተቻ) 40፣ የሆድ ላሜራ 35፣ የጎን ቧንቧ 40፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ 35፣ ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) 40፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ 42 ኪሎ ቢሆኑ 292 ኪሎ ሄደ። አምስት ሰው 350 ኪሎ ቢመዝን፣ 800 ለሚጭነው መኪና የቀረው 158 ኪሎ ብቻ ነው። ድንኳኑ፣ ውሃውና ስንቁ ገና አልተጫነም። ስለዚህ የሚገጠመው ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፍና ይደመር፤ ድምሩ ከበዛ ቀድሞ የሚቀረው ፖርቶ መጋላው ነው። ክብደትን ከላይ መስቀል ገደል ዳር ላይ መኪናውን ያወዛውዛል።

ጎማ

ከፋብሪካ 265/65 አር 17 ይዞ የመጣ ቪጎ ወይም ሬቮ የሚባል ሃይሉክስ 265/70 አር 17 ይቀበላል። መሪው ጥግ ድረስ ሲጠመዘዝ ግን ፓራፋንጎው አካባቢ መንካት አለመንካቱ ይታይ። ዲያሜትሩ ከ776 ወደ 803 ሚሊሜትር ያድጋል። መኪናውን የሚያነሳው የልዩነቱን ግማሽ ስለሆነ ትርፉ 13 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ፍጥነት መቁጠሪያውም ከበፊቱ 3.3 በመቶ ያህል አሳንሶ ያነባል። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ጎማ አንመክርም። ቱርቦ የሌለው የድሮው ናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፣ ጨነቅ ሲደርስ ሲሶው የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ሲጨመር ማርሹ ይከብደውና አሽከርካሪው ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ይወጣል። የፍሪሲዮን ሽታ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሲገዛ ጎኑ ላይ «ኤልቲ» ወይም ከመጠኑ ቀጥሎ «ሲ» የሚል ምልክት ያለበት ይመረጥ፤ የጎኑ ሽፋን ወፍራም ነው። የስሜን ድንጋይ የሚቀደው የጎማውን ፊት ሳይሆን ጎኑን ነው፣ ጎኑ የተቀደደ ጎማን ደግሞ ጎሚስታ አያድነውም። ዕድሜውም ይታይ። በጎኑ ላይ ካሉት አራት አሃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2323 ማለት በአውሮፓውያኑ 2023 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው።

ጥርሱን በተመለከተ ለጭቃ ብቻ የተሠራው ጎማ ዋልካ ላይ ይሻላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ያንሸራትታል፣ ቶሎም ያልቃል። ለሁሉም ዓይነት መንገድ የተሠራው ኦል ቴሬን ደግሞ የደምቢያ ጭቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጥርሱ ሞልቶ ልሙጥ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አስፋልትና ኮረት ለሚነዳ ሰው የእኛ ምርጫ ኦል ቴሬን ከጎማ ሰንሰለት ጋር ነው። ሰንሰለቱ መኪናው ከመስመጡ በፊት ይታሰር፤ ከሰመጠ በኋላ ሰንሰለቱን በጎማው ዙሪያ ማዞር አይቻልም። በአንድ አክሰል ግራና ቀኝ ላይ ይግባ፣ ጫፉ የፍሬን ቱቦ እንዳይመታ ይረጋገጥ፣ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ።

ከጎማ ዓይነት ይልቅ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው አየሩ ነው፣ ወጪውም አንድ መለኪያና አንድ ኮምፕረሰር ነው። አስፋልት ላይ ከ32 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ)፣ ጭነት ሲኖር የኋላው 40። ኮረት ላይ 26 ወይም 28። ትልልቅ ድንጋይ ላይ 24 ገደማ። ዋልካ ላይ ከ18 እስከ 20። ከ15 በታች ከወረደ ጎማው በመታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ይወጣል። አየር የተቀነሰበት ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ ይግላል፣ በመጨረሻም ይፈነዳል፤ አስፋልት እንደተገኘ መሞላት አለበት። ኮምፕረሰሩ በቀጥታ ከባትሪ ጋር የሚያያዝ ይሁን፤ በሲጋራ መለኮሻው በኩል ከሆነ ቫልቮላው ይቃጠላል።

መለኪያው ከፍታ ላይ እንዳያደናግር። ከመተማ ተነስቶ ጨነቅ ለደረሰ ጎማ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 4 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ብርዱ ደግሞ ከዚያው ላይ የተወሰነውን ይመልሳል። ስለዚህ አየሩ የሚስተካከለው ጎማው ቀዝቅዞ ነው፣ መንገዱ በሚጀመርበት ቦታ።

ሆድ መከላከያ

4 ሚሊሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 31 ኪሎ ይመዝናል፣ 6 ሚሊሜትር አልሙኒየም 16 ኪሎ። አልሙኒየሙ ይቀላል፣ ሲታጠፍ ግን ጎንደር ውስጥ ለማቃናትና ለመበየድ ብረቱ ይመቻል። መሸፈን ያለበት ከራዲያተሩ ታች ጀምሮ የሞተሩ ኮፓና ካምቢዮው ነው። ላሜራው ሻንሲው ላይ አይበየድ፤ ከፋብሪካ ባሉት ቀዳዳዎች ላይ በ10 ሚሊሜትር፣ ጥንካሬው 8.8 በሆነ ቡሎን ይታሰር። የፊተኛው ላሜራ ጫፍ በኋለኛው ስር ይተኛ፤ አለዚያ ወደፊት ሲኬድ ድንጋይ መካከላቸው ይገባና እንደ ማረሻ ይይዛል። የዘይት ማፍሰሻው ትይዩ ቀዳዳ ይተው። ይህ ተረስቶ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ስምንት ቡሎን የሚፈቱ ባለመኪኖች አሉ።

ላሜራ የራሱ ጣጣ አለው። ዋልካ ከላዩ ይከማችና ሲደርቅ ሲሚንቶ ይሆናል፣ አየር ይዘጋል፣ ቺንጊያ ያላላል። ከጭቃ በተመለሱ ማግስት፣ ሳይደርቅ፣ በውሃ ይታጠብ።

የጎን ቧንቧ ከተሠራ ከሻንሲው ጋር ይያያዝ እንጂ ከበሩ ስር ካለው ቆርቆሮ ጋር አይደለም። ብየዳ ሲኖር የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ የብየዳው መሬት ገመድ ሥራው አጠገብ ይያዝ፣ የናፍጣ ታንከሩና የፍሬን ቱቦዎቹ ይጠበቁ።

ማስነሳትና ፍሬን

ፊቱ በቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ስፕሪንግ በሚያገለግል ዘንግ) የሚሠራ ሃይሉክስ ቡሎኑን በማጥበቅ ብቻ ይነሳል፣ ለዚህም ነው ሁሉም የሚያበዛው። ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ሲነሳ ጎማው ወደታች የሚወርድበት ቦታ ያልቅበታል፣ በየጉድጓዱ ይቋቋል፣ የሸሚ አክሰሉ ጎማ ሽፋን ተወጥሮ ይቀደዳል። ከመነካቱ በፊት ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሁለቱም በኩል ይለካና ይጻፍ። በስፕሪንግ ለሚሠራው ቪጎ ትክክለኛ ስፕሪንግና አሞርዛተር አብሮ ሲቀየር 5 ሳንቲሜትር ወሰኑ ነው። ከሥራው በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው።

ኋላ ላይ ከከባድ መኪና የተወሰደ ባሌስትራ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፣ ኃይሉን ሻንሲው ይቀበላል፣ ቆይቶም ሻንሲው ይሰነጠቃል። አንድ ቅጠል ብቻ፣ በነባሩ ውፍረት፣ ይጨመር። አክሰሉን የሚያስሩት የዩ ቅርፅ ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ የተሳበ ቡሎን ጠብቆ አይቆይም።

ብዙ ጋራዥ የማያየው ነገር እዚህ አለ። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክሰል በላይ፣ በዘንግ ከአክሰሉ ጋር የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነት ሲበዛ ለኋላ ጎማ ፍሬን መጨመር፣ ባዶ ሲሆን መቀነስ ነው። ባሌስትራው ሲነሳ ዘንጉ ወደታች ይሳብና ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ጭኖ ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና በፊት ፍሬን ብቻ ሊቆም ሲሞክር ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። መፍትሔው የዘንጉን መያዣ በተነሳው ልክ ማስተካከል ነው፤ 4 ሳንቲሜትር ከተነሳ 4 ሳንቲሜትር። የኋላው የፍሬን ጎማ ቱቦም አክሰሉ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ እንዳይወጠር በክሪክ አንስቶ ማየት ነው።

ውሃና አቧራ

ዲፈረንሻል በመንገድ ይግላል። ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ በኩሽኔታው ማሸጊያ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ሰው ይህ ደርሶበታል። መተንፈሻው ላይ ውስጡ 8 ሚሊሜትር የሆነ ናፍጣ የሚችል ቱቦ ይገጠም፣ ለኋላው 3 ሜትር ያህል ይበቃል፤ አክሰሉ ሲወርድ እንዳይነቀል ትርፍ ይተው። ጫፉ ላይ ትንሽ የነዳጅ ፊልትሮ ተሰክቶ ከናፍጣ መሙያው አጠገብ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይታሰር።

ስኖርክል (የሞተሩን አየር ማስገቢያ ወደ ጣሪያ ከፍ የሚያደርግ ቱቦ) በእኛ አገር ከውሃ ይልቅ ለአቧራ ይጠቅማል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አፉ በሰሌዳ ለአፍታ ይዘጋ፤ ሞተሩ ታፍኖ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የሆነ መጋጠሚያ አየር ያስገባል፣ አቧራም በዚያው ይገባል።

3,600 ሜትር ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው፣ ጎሚኒው ያረጀ ክዳን ደግሞ ግፊት አይዝም። ጨነቅ ሌሊት ይበርዳልና ራዲያተሩ ውስጥ ግማሽ አንቲፍሪዝ ግማሽ ውሃ ይሁን።

መጎተቻ

ከፋብሪካ ያለው ትንሽ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ መኪና መርከብ ላይ ለማሰሪያ የተሠራ ነው፣ በጉተታ ይነቀላል። የተጎታች ኳስም መጎተቻ አይደለም፤ ተቆርጦ ሲበር ሰው ይገድላል። ፊትም ኋላም ከሻንሲው ጋር በሁለት በሁለት ጠንካራ ቡሎን የታሰረ መንጠቆና 4.75 ቶን የሚል ጽሑፍ ያለበት ሻክል (ገመዱን ከመንጠቆው የሚያያይዝ የብረት ቀለበት) ያስፈልጋል። የሽቦ ገመድ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይጣልበት፣ ቢበጠስ እንዳይገረፍ፤ ተመልካቹም ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ።

ዊንች የሚገዛ የሙሉ ጭነቱን አንድ ተኩል እጥፍ ያስላ፤ ለ2,900 ኪሎ መኪና 4,300 ኪሎ አካባቢ ነው። ጎማው አካባቢ ያለው ጭቃ በአካፋ ሳይነሳ ዊንች መሳብ ባትሪ መጨረስ ነው። አካፋ፣ ሁለት ወፍራም ሳንቃና ከክሪኩ ስር የሚነጠፍ ሰፊ ጣውላ ለብዙ ሰው ይበቃሉ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ እስከ ጎርጎራ ደርሶ መመለስ በቂ ሙከራ ነው። ሲመለሱ መኪናው ሳይታጠብ ከስሩ ይታይ፤ አዲስ ዘይት አቧራ ይዞ ይታያል፣ የላላ ቡሎን ዙሪያውም የሚያብለጨልጭ ክብ ይኖረዋል። የዩ ቡሎኖቹ፣ የላሜራውና የቸርኬው ዳዶዎች በ100 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ጊዜ፣ በ500 ላይ ደግመው ይጠበቁ።