የካሜራ ፎቶን ወደ ቤት ኮምፒውተር መገልበጥ

ጥር ሲገባ ጎጃም ውስጥ ካሜራ አያርፍም። ጥምቀቱ አለ፣ ሠርጉ አለ፣ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። እያንዳንዱ ፎቶ 7 ሜጋባይት ቢሆን 1,000ው 7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በራው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ትልቅ የፎቶ ዓይነት) ከተነሳማ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ።

ካሜራውን በኬብል ከማገናኘት ሚሞሪውን አውጥቶ በካርድ ሪደር (ሚሞሪውን ከኮምፒውተሩ በሚያገናኘው ማንበቢያ) መክተት ይሻላል። በኬብል ሲሆን የካሜራው ባትሪ ሊያልቅና ሥራው መሀል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ካሜራውን ሳታጠፉ ሚሞሪውን አታውጡ። የሚሞሪው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳቧት፤ ያኔ ማንበብ እንጂ መሰረዝ አይቻልም፣ የኮምፒውተሩ ቫይረስም ሚሞሪው ላይ አይጻፍም። ወደ ካሜራው ስትመልሱት መቆለፊያውን መክፈት አትርሱ።

64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ሚሞሪ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሚሞሪው ተበላሽቶ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ወይም ሪደሩ ማንበብ ስላልቻለ ነው። እሺ ካላችሁት ፎቶው ይሄዳል፤ እምቢ በሉትና አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት።

ፎቶዎቹ ያሉት «ዲሲአይኤም» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ለየዝግጅቱ የራሱን ፎልደር ክፈቱ፤ ስሙን ከዓመተ ምሕረቱ ጀምራችሁ «2017-05-23 እንጅባራ» ብትሉት በቀን ቅደም ተከተል ይሰለፋል። ካሜራው ቀኑን በፈረንጅ ስለሚመዘግብ የ2017 ጥር 23 እሱ ዘንድ ጃንዋሪ 31 ነው። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ማጠራቀም አደጋ አለው፤ ካሜራው ለፎቶ የሚሰጠው ቁጥር 9999 ደርሶ እንደገና ከ0001 ስለሚጀምር አዲሱ ፎቶ የአሮጌውን ስም ይዞ ይመጣል። «ተካው» ካላችሁት የአምናው ጠፋ ማለት ነው።

ዋናው ነገር ይኸ ነው፦ ኮፒ እንጂ ከት አታድርጉ። ከት ሲሆን ኮምፒውተሩ ያሻገረውን ፎቶ ካልተቆለፈ ሚሞሪ ያጠፋዋል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ፣ ዲስኩ ላይ በወጉ ያልተጻፈው ፎቶ ከሁለቱም ሊታጣ ይችላል። ዴስክቶፕ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ላፕቶፕ ቢያንስ ባትሪው ይደርስለታል። ኮፒ እያደረጋችሁ መብራት ከጠፋ፣ ከቆመበት ለመቀጠል አትሞክሩ። የመጨረሻው ፎቶ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጅምር ፎልደር አጥፍታችሁ ከሥር ጀምሩ።

ሲያልቅ የሚሞሪውንና የኮምፒውተሩን ፎልደር በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ከፍታችሁ የፋይሉን ብዛትና የባይቱን ቁጥር («ሳይዝ ኦን ዲስክ» ሳይሆን «ሳይዝ» የሚለውን) አስተያዩ። አንድም ልዩነት መኖር የለበትም። ከመጀመሪያውም፣ ከመሀሉም፣ ከመጨረሻውም ጥቂት ፎቶ ከፍታችሁ እዩ። ሁለተኛ ቅጂ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ «ኢጀክት» ብላችሁ ሚሞሪውን ንቀሉ፤ ፎርማቱን ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ራሱ ካሜራው ላይ አድርጉት።