የስልክ ወጪን እንዴት መቀነስ ይቻላል፦ ከሂሳቡ እስከ ቀፎው

ርካሽ ጥቅል ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። ብዙ ሰው ብሩን የሚበላበት የገዛው ጥቅል ሳይሆን ጥቅሉ ካለቀ በኋላ ከዋናው ሂሳብ የሚቆረጠው ነው። ጥቅሉ ሲያልቅ ኢንተርኔቱ ቀጥ አይልም። ሂሳብ እስካለ ድረስ በመደበኛው ታሪፍ እየቆጠረ ይቀጥላል፤ መደበኛው ታሪፍ ደግሞ ከጥቅል ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ጠዋት ካርድ ሞልቶ፣ ዳታውን ሳያጠፋ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ቀትር ላይ ለመደወል ሲሞክር «ሂሳብዎ በቂ አይደለም» የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳውን እንድፈን፣ ስለ ጥቅልና ስለ ቀፎ ከዚያ እንነጋገራለን።

1. ያለፈውን ወር ደምሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የቴሌብር ወይም የኤምፔሳ መተግበሪያችሁን ከፍታችሁ የግብይት ታሪኩን ተመልከቱ፤ ጥቅል ስትገዙ የመጡላችሁን አጫጭር መልእክቶችም አትርሱ። ወጪውን በሦስት ለይታችሁ ጻፉ፦ ለጥቅል የወጣ፣ ለካርድ የወጣ፣ በብድር የተወሰደ። የካርዱ ድምር ወደ ጥቅሉ ከተጠጋ ወይም ከበለጠ፣ ብሩ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ብድሩን ለብቻው የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። በ*810# የአየር ሰዓት ስትበደሩ የአገልግሎት ክፍያ አለበት፣ ዕዳውም ቀጥሎ ከምትሞሉት ካርድ ላይ ይነሳል። ሌሊት ሰው ታሞ ስልክ መደወል ግድ ሲሆን ጥሩ ነገር ነው። በየሳምንቱ የሚበደር ሰው ግን ያንኑ የአየር ሰዓት አስወድዶ እየገዛ ነው።

2. ብሩን በአየር ሰዓት መልክ አታስቀምጡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ለስልክ የመደባችሁትን ብር ካርድ አትሙሉበት፤ ቴሌብር ላይ ይቀመጥ፣ ጥቅሉንም በቀጥታ ከዚያ ግዙ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለዚህ ካርድ መፋቅ አያስፈልግም፤ መተግበሪያ የሌለው ስልክ ያላቸውም *127# ደውለው ይገዛሉ። የሳፋሪኮም ደንበኞች ደግሞ ኤምፔሳን በዚሁ መንገድ መጠቀም ይችላሉ።

ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ዳታው ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ የሚቆረጥ ነገር አያገኝም። ኢንተርኔቱ ይቆማል፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ሌላ ጥቅል መግዛት አለመግዛቱን አስባችሁ ትወስናላችሁ። ቴሌብር ላይ ያለ ብር ዳታ በርቶ ስላደረ አይጎድልም። በዋናው ሂሳብ ላይ ለድንገተኛ ጥሪ የምትሆን ጥቂት ብር ብቻ ተዉ፤ በ*804# ብቅ እያላችሁ እዩት።

ሂሳቡ ምንም ሳትጠቀሙ የሚቀንስ ከሆነ፣ ምናልባት ሳታውቁት የተመዘገባችሁበት የአጭር መልእክት አገልግሎት ይኖራል። በየዕለቱ ጥቅስ፣ የስፖርት ዜና ወይም የጥያቄ ውድድር የሚልኩት ባለ አጭር ቁጥር አገልግሎቶች ቆራጮች ናቸው፤ በቀን የሚወስዱት ትንሽ ስለሆነ ዓይን ውስጥ አይገባም። መልእክቱ በመጣበት ቁጥር ላይ «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ላኩ። አልቆም ካለ 994 ደውላችሁ የተመዘገባችሁባቸውን ሁሉ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። የጥሪ ማሳመሪያ ዘፈንም ወርሃዊ ክፍያ እንዳለው አትዘንጉ፤ እናንተ አትሰሙትም፣ የሚሰማው ደዋዩ ነው።

3. ጥቅሉን በቀኖቻችሁ ልክ ምረጡ

*999# ስትደውሉ የሚመጣው ዝርዝር ረጅም ነው፦ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር፣ የሌሊት፣ የቅዳሜና እሁድ፣ ድምፅና ዳታ የተቀላቀለበት። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር መጻፉ አይጠቅማችሁም፤ ስሌቱን ልስጣችሁ። የጥቅሉን ሜጋ ባይት በብሩ አካፍሉ፣ በአንድ ብር ስንት ሜጋ ባይት እንደምታገኙ ይነግራችኋል። ቀጥሎ የዕለቱን ጥቅል ዋጋ በወር ውስጥ በእርግጥ በምትገዙባቸው ቀናት ቁጥር አባዙና ከወርሃዊው ጋር አስተያዩት።

ብዙ ጊዜ ወርሃዊው ይረክሳል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሥራ ቦታው ዋይፋይ ያለው ሰው፣ በራሱ ዳታ የሚጠቀመው እሁድ እሁድ ብቻ ከሆነ፣ ወርሃዊ ጥቅል ገዝቶ ግማሹ ሳይነካ ቀኑ ያልፍበታል። ለእሱ የቅዳሜና እሁዱ ይበቃዋል። ፊልም የሚያወርዱ ወይም ስልካቸውን የሚያዘምኑ ደግሞ የሌሊቱን ይግዙ፤ ማውረዱን አስጀምሮ መተኛት ነው። ያልተገደበ የሚባለውን በቀን ብዙ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ለማይሠራ ሰው አልመክርም።

ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሌላም አማራጭ አለ። አብዛኛው ስልክ ሁለት ሲም ይይዛል፤ 09ኙን ለጥሪ፣ 07ቱን ለዳታ፣ ወይም በተቃራኒው ማድረግ ይቻላል። የሳፋሪኮሙን ዝርዝር በ*777# ታዩታላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በምትኖሩበትና በምትሠሩበት ቦታ የትኛው ኔትወርክ በደንብ እንደሚይዝ ሞክሩ። ርካሽ ሆኖ ሳሎን ውስጥ የማይይዝ ዳታ ውድ ዳታ ነው።

4. ስልኩ በራሱ የሚበላውን አስቁሙ

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውን ክፈቱ፤ የትኛው መተግበሪያ ስንት እንደበላ በቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። አገራችን ውስጥ ከላይ የሚቀመጡት ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም መሆናቸው አያስገርምም። ቪፒኤን ከላይ ካገኛችሁ ደግሞ ከፍታችሁት ረስታችሁታል ማለት ነው። የሁሉም መተግበሪያ ዳታ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ በስሙ ሊቆጠር ይችላል፣ በራሱም ላይ ትንሽ ይጨምራል። ሳያስፈልግ ሲቀር አጥፉት።

የሰው ዳታ በዝምታ የሚያልቀው ቴሌግራም ላይ ነው። አሥር የቪዲዮ ቻናልና ሦስት የዕድር ግሩፕ ያለበት ስልክ፣ ማንም አውርድ ሳይለው ፎቶውንም ቪዲዮውንም እያወረደ ይውላል። ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ግቡና በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ እንዲያወርድ የተፈቀደለትን ዝጉት። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ራሳችሁ የነካችሁት ብቻ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ የቪዲዮ ጥራቱን በሞባይል ኔትወርክ ጊዜ «ዳታ ሴቨር» አድርጉ፣ ቲክቶክም ተመሳሳይ ማብሪያ አለው። ፕሌይ ስቶር በዋይፋይ ብቻ እንዲያዘምን አድርጉት። ጉግል ፎቶስ ፎቶዎቻችሁን በሞባይል ዳታ እንዳይጭን ከልክሉት።

ቤሩት ያለች እህት የምትደውልላቸው ቤተሰቦች በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ ቢለምዱ ጥሩ ነው፤ ቪዲዮ ከድምፅ ብዙ እጥፍ ይበላል። ፊት ማየት የግድ ነው፣ ይገባኛል። በመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ተያዩና ካሜራውን አጥፍታችሁ ወሬውን ቀጥሉ። ዋትስአፕ ለጥሪ አነስተኛ ዳታ እንዲጠቀም የሚያደርግ ማብሪያም አለው።

5. ቀፎ ስትገዙ

የብር ምንዛሪ ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የስልክ ዋጋ ጨመረ፤ ስለዚህ በእጅ ያለውን ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ያዋጣል። ባትሪ ወይም ስክሪን ማስቀየር ከአዲስ ስልክ ሲሶ ዋጋ በታች ከሆነ አስቀይሩ። ግላስና ከቨር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑረው። ገጠር ላሉ እናትና አባት ባለ ቁልፍ ስልክ ከወርሃዊ የድምፅ ጥቅል ጋር ከበቂ በላይ ነው፤ ቻርጁም ለቀናት ይቆያል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ፣ መገናኛም ይሁን መርካቶ፣ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ይህን አድርጉ። *#06# ደውሉ፤ የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፣ ድምፁን በስፒከር ስሙ፣ ቻርጀር ሰክታችሁ መሙላቱን እዩ። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ስትደውሉ የስክሪን መፈተሻ ይከፈታል፤ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እየነካችሁ ጠቆር ያለ ነጥብ ወይም መስመር ካለ ትይዛላችሁ። በርካሽ ስልክ ላይ 512 ጊጋ የሚል ነገር ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ሴቲንጉ የሚጽፈው ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሻጩ ፊታችሁ የጉግል ወይም የአይክላውድ አካውንቱን አውጥቶ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይደምስሰው (ፋክተሪ ሪሴት)፤ ከዚያ እናንተ አዲስ አድርጋችሁ ክፈቱት። ስልኩ ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል አስገቡ ካላችሁ አትግዙ። «ቆይቼ እከፍትልሃለሁ» የሚል ሻጭ አይከፍትላችሁም። ደረሰኝ ከሌለው የመታወቂያውን ኮፒ ተቀበሉ፤ የተሰረቀ ስልክ ቢሆን ጣጣው ለእናንተ ነው።

6. ከውጭ የሚላክ ስልክ

አሜሪካ ያለ ዘመድ ስልክ ሊልክላችሁ ከሆነ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ በአንድ የስልክ ድርጅት ኔትወርክ ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ርካሽ ስልክ የአገር ቤት ሲም አይቀበልም። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው አጠገብ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካልተባለ የተቆለፈ ነው። ሁለተኛ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙዎቹ ሞዴሎች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው ዲጂታል ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። አቅራቢያችሁ ያለው የቴሌ ወይም የሳፋሪኮም ማዕከል ኢሲም የሚያወጣላችሁ መሆኑን ሳታረጋግጡ አታስልኩ፤ አለዚያ ሲም የሚገባበትን የቆየ ሞዴል ይግዛላችሁ፣ ዋጋውም ይቀንስለታል።